ካሜራው የቆመበት ቦታ

«አራታችሁም? አራታችሁም መርፌ መያዣውን በግራ እጅ?» የዶክተር አዱኛ ድምፅ ከመለማመጃው ክፍል ወጥቶ የሆስፒታሉን ኮሪደር ሞልቶት ነበር። ሃይሚ የሚፈረምበትን ወረቀት በክላሰር ይዛ በሩ ላይ የደረሰችው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ልታንኳኳ ያነሳችው እጅ አየር ላይ ቀረ። በተገረበበው በር አራት የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ይታያሉ፤ በየፊታቸው አንድ አንድ የስፖንጅ ቁራጭ አለ፣ ከስፖንጁም ሰማያዊ የስፌት ክር ተንጠልጥሏል። ዶክተሩ የቆሙት ጥሩአየሁ ከምትባለው ዝምተኛ የወሎ ልጅ አጠገብ ነው። «መሣሪያውን በቀኝሽ ይዘሽ በግራሽ ነው የምትቋጥሪው። ነርሷ የምታቀብልሽ በቀኝሽ በኩል ነው። አንቺ እጅሽን እስክታገላብጪ ታካሚው ሆዱን ከፍቶ ይጠብቅሽ? ማነው እንዲህ አድርጎ ያስተማረሽ?» ጥሩአየሁ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ሌሎቹም ወለሉን ያዩ ጀመር። «እንግዲያው ይህን እስክታስተካክዪ ድረስ ኦፕሬሽን ክፍል አትገቢም» አሏት። ከአራቱ መሐል ለምን እሷ ብቻ እንደተቀጣች የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ለእጃቸው ቅርብ የነበረችው እሷ ስለሆነች ይሆናል።

ሃይሚ ግን ማን እንዳስተማራቸው በደንብ ታውቃለች። ሸሕዲ ከተማ መናኸሪያ ፊት ለፊት የፎቶና የጽሕፈት ሱቅ አላት። ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሠርግ ቪዲዮ ትቆርጣለች። ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ የመጣች ስለሆነች ሰው ስልኩ ሲበላሽበትም፣ የትራክተሩ ሬዲዮ ዝም ሲልበትም የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ከሦስት ወር በፊት ዶክተር አዱኛ ራሳቸው ሱቋ ድረስ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው ለስብሰባ ጎንደር በወጡ ቁጥር ሠልጣኞቹ ሥራ ፈትተው እንደሚቀመጡ ነገሯት። የሚፈልጉት ሠልጣኞች በስልካቸው ከፍተው የሚማሩበት የቪዲዮ ድረ ገጽ ነበር። ሃይሚ ከዚያ ወዲህ እንቅልፏም ምግቧም ድረ ገጹ ሆነ። የሸሕዲን ኔትወርክ ስለምታውቀው እያንዳንዱን ትምህርት በሁለት በሁለት ደቂቃ ቆራረጠችው። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ የወረደ ቪዲዮ ያለ ኔትወርክ እንዲታይም አደረገች፤ ነገ እንደ ገለጉ ባለ ሩቅ ቦታ የሚመደብ ሠልጣኝ እዚያ ከደረሰ በኋላ ከስልኩ በቀር ጓደኛ አይኖረውም። ከሁሉም የምትኮራበት ግን እንቅስቃሴውን የሚያዘገየው ቁልፍ ነው፤ በትልቁ «ቀስ በል» ብላ ጽፋበታለች። አሥራ አራት ቪዲዮ ጨርሳለች። ዛሬ ረቡዕ ዶክተሩ ሥራውን መረከባቸውን ሊፈርሙላት ነው። ከፈረሙ የአካባቢው ሌሎች ሆስፒታሎች ሥራም የእሷ ይሆናል፤ ካልፈረሙ ግን ሥራውን ለመውሰድ ደብዳቤ የጻፈ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ተሰልፎ ይጠብቃል።

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስልኳን አወጣችና የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈተች። ሁለት ጓንት ያጠለቁ እጆች ስክሪኑን ሞልተው ይቋጥራሉ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ብርሃኑ ያምራል፣ የዶክተሩ ድምፅ ያለ ሁካታ ይሰማል። የሚቋጥረው እጅ ግን በስክሪኑ ቀኝ በኩል ነው። ሃይሚ የራሷን እጅ ዘርግታ እንደ ሠልጣኝ ለመከተል ሞከረች፤ ቀኝ እጇ ይቋጥር ጀመር፣ መርፌ መያዣውን ይዣለሁ ያለችውም በግራዋ ሆነ። ቪዲዮውን ስትቀርጽ የቆመችው ከዶክተሩ ፊት ለፊት ነበር። ሌላ የት ትቁም? አክስቷ የሻረግ ያሳደገቻት ከትልቅ ሰው ኋላ ቆሞ በትከሻ ላይ ማጮለቅ ነውር መሆኑን እየነገረች ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያሳልፋቸው ሐኪም ሲሠሩ ከኋላቸው ገብታ ጆሯቸው ሥር መተንፈስ በሐሳቧም አልመጣም። ከፊታቸው በአክብሮት ቆማ አሥራ አራቱንም ቀረጸች። ሠልጣኞቹ ደግሞ በጨዋ ደንብ ያዩትን ሠሩ፤ «ማነው ያስተማራችሁ?» ሲባሉም «እርስዎ ነዎት» ማለት አፍ መክፈት ስለሚሆን ዝም አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው በአክብሮት ብዛት አራት ሰው ግራኝ የሆነው።

ሃይሚ ሳታንኳኳ ተመለሰች።  መንገድ ላይ ለራሷ ያቀረበችው ሐሳብ ግን ደስ የሚል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ምስልን ግራና ቀኙን የሚያዞር ትእዛዝ አለው፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ማንም ሳያውቅ ታዞረዋለች፣ ሠልጣኞቹም ሲያዩት ያስተካክላሉ፣ ዶክተሩም ይፈርማሉ። ሱቋ ገብታ ማራገቢያውን ወደ ፊቷ አዙራ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቪዲዮ ተዞረ። የሚቋጥረው እጅ ወደ ግራ ሄደ። ሃይሚ ፈገግ አለች፤ ሁለተኛውን አዞረች፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ስድስተኛው ላይ የዶክተሩ የደረት ጽሑፍ የኋሊት ተነበበ፤ ይሁን፣ ደረታቸውን እቆርጠዋለሁ አለች። ዘጠነኛው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ነው። እሱንም አዞረችውና ማየት ጀመረች። እጆቹ ልክ ናቸው፣ ቋጠሮው ልክ ነው። የታካሚው ትርፍ አንጀት ግን ከቀኝ ተነስቶ ግራ ጎኑ ላይ ተቀምጧል። ሃይሚ ሐኪም አይደለችም፤ ትርፍ አንጀት በየት በኩል እንደሆነ ግን ሦስት ወር ሙሉ ሰምታለች። ገለጉ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ጀማሪ ሐኪም በእሷ ቪዲዮ ተማምኖ የሰው ግራ ጎን ሲከፍት ታያት። ያዞረችውን ሁሉ ወደ ቦታው መለሰች፣ ኮምፒውተሩን ዘጋች፣ ምሳ ሳያምራት ምሳ ልትበላ ወደ አክስቷ ቤት ሄደች።

የየሻረግ ቤት ከዋናው መንገድ አንድ ቅያስ ገባ ይላል። በበሩ ላይ የቆመው ፍሪጅ የቤቱ ንጉሥ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃና ከርከዴ የሚባለው ቀይ የአበባ መጠጥ ይሸጥበታል። በጥቅምት፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ፣ ከደጋ የመጣው የቀን ሠራተኛ መኪና እስኪጭነው ድረስ ደጁ ላይ ተኮልኩሎ በብርጭቆ አሥራ አምስት ብር እየከፈለ ይጠጣል። ግቢው ውስጥ ደግሞ የየሻረግ ባል ጋሼ ገብረማርያም ለእርሻቸው የቀጠሯቸውን አዳዲስ ሠራተኞች ሳይጫኑ በፊት ነዶ ማሰር ያለማምዳሉ። ጋሼ ገብረማርያምና ሃይሚ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቀጥታ አይነጋገሩም። እርሻው ላይ ሠራተኛ ተቆጣጣሪ ሁኚ ቢሏት ኮምፒውተሬ ይሻለኛል ስላለች ቅር ብሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በየሻረግ በኩል ነው። «ለዚያች ልጅ ወጥ ጨምሪላት» ይላሉ፤ ሃይሚም «ጋሼን አመሰግናለሁ በያቸው» ትላለች። የሻረግ በሁለቱ መሐል መልእክት ማመላለሱን ከለመደችው ቆይታለች፤ አንዳንዴም ከራሷ እየጨመረች ታሳምረዋለች።

ዛሬም ሃይሚ ሽሮዋን እያቀዘቀዘች በረንዳው ላይ ተቀምጣ ግቢውን ታያለች። ጋሼ ገብረማርያም አንድ ቀጭን የጎጃም ወጣት ከፊታቸው አቁመው፣ እሳቸው ከኋላው ተለጥፈው፣ በሁለት ጎኑ እጃቸውን አሳልፈው እጆቹን ይዘዋል። በቀኝ ማጭዱ እንደተያዘ በግራ እጅ ብቻ ማሰሪያው የዛፍ ልጥ በነዶው ላይ ይዞራል፣ በአውራ ጣት ሥር ያልፋል፣ ይጠብቃል። ማጭድ መሬት እያስቀመጠ የሚያስር ሰው ከሰልፉ ወደ ኋላ ይቀራል። ቋጠሮው ከተገለበጠም ነዶው ደርቆ ሸራ ላይ ሊራገፍ ሲል አልፈታ ይላል፣ ሰሊጡም በትግሉ መሐል መሬት ላይ ይረግፋል። ሃይሚ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች። ራሷም ማሰር ትችላለች። ሽማግሌው ግን ከወጣቱ ኋላ እንደሚቆሙ ልብ ብላ አይታ አታውቅም ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ» አለች፣ የሻረግን ሳትጠራ። «ለምንድን ነው ከኋላው የሚቆሙት?»

የሻረግ የከርከዴውን ማንቆርቆሪያ ይዛ ባለችበት ቀረች። ጋሼ ገብረማርያም የወጣቱን እጅ ሳይለቁ ቀና አሉ። ልጅቷ ያናገረቻቸው በእርግጥ እሳቸውን መሆኑን ለማጣራት ዙሪያቸውን ቃኙ። «ፊት ለፊት ሆኜ ባሳየው የኔን ግራ በቀኙ ነው የሚይዘው» አሉ። «አብደራፊ እርሻ ላይ ሳለሁ ፊት ለፊት እየቆመ የሚያሳይ አንድ አሠሪ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ሠራተኛ አይቆጣም። ሰሊጡ ግን ግማሹ መሬት ቀረ።» ከዚያ አይተዋት «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አሏት። ሃይሚ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ አልሳቁባትም፣ አልመከሯትምም፤ ከወጣቱ እጅ ልጡን ወስደው ለሁለት ቆርጠው ሰጧት። «ሐኪምም ቢሆን በእጁ የሚሠራ ሰው ነው። በእጁ አሳይው» አሉ። ዓመት ሙሉ የቆየው ኩርፊያ በዚህ አለቀ፤ የሻረግ ብቻ ከሥራ የተባረረች ሰው ፊት አሳየች።

አሁን እውነቱን መናገር ብቻ ሳይሆን አዲስ ቪዲዮ ለመቅረጽ መዘጋጀትም ነበረባት፤ ጥፋቴ ነው ብሎ ባዶ እጅ መቆም ለማንም አይጠቅምም። ለቪዲዮው የሚሰፋው የፍየል አንጀት ነው። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ስለዚህ ወደ ሳጂድ ሥጋ ቤት ሄደች። ሳጂድ ቢላውን እየሳለ በደንብ አያት። በጾም ቀን ያውም ከእስላም ሥጋ ቤት አንጀት የምትገዛ የየሻረግ ልጅ አይቶ አያውቅም። «ለመብል አይደለም፣ ለመስፋት ነው» አለችው። ሳጂድ ይህን ሰምቶ ይበልጥ ግራ ተጋባ፤ ቢሆንም አንጀቱን አጥቦ በላስቲክ ቋጥሮ በመቶ ሃምሳ ብር ሰጣት። ዶክተሩ ከኦፕሬሽን የሚወጡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ አንጀት አንድ ሰዓትም አይቆይም። ሃይሚ ወደ አክስቷ ቤት ተመልሳ የፍሪጁን በር ከፈተችና ላስቲኩን ከውሃ ጠርሙሶቹ ኋላ ሸሸገችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሻረግ አገኘችው። የቀን ሠራተኞቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ አንጀቱ በሁለት ጣት ተንጠልጥሎ ሲወጣ አዩ። «ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች የሻረግ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ይህ ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። «ለጎረቤት እንዳልሰጠው መጂዳ ዛሬ ቤት የለችም። እኛ እንዳንበላው ጾም ነው፣ ጾሙ ቢያልፍም የእስላም እርድ ነው። ይህ አንጀት የማነው?» ሃይሚ የሐኪሞች ነው አለች። ከሠራተኞቹ አንዱ የያዘውን ከርከዴ መለስ አድርጎ አስቀመጠው፤ የሐኪሞች አንጀት ያለበት ፍሪጅ ምን ዓይነት ነገር እንደሚያቀዘቅዝ እየገመተ ይመስላል። ጋሼ ገብረማርያም ከግቢው ሆነው ሳቁ። የሻረግ ይህን ሳቅ ለብዙ ወራት አልሰማችውምና ንዴቷ ሳያስፈቅዳት ቀለለ። አንጀቱን በራሷ እጅ በበረዶ ጠቅልላ ሰጠቻት፣ ፍሪጁን ግን ከመካከሉ እስከ ጥጉ በኦሞ አጠበችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተር አዱኛ አራቱን ሠልጣኞች ሰብስበው የመለማመጃው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሃይሚን ሲያዩ እስክሪብቷቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ነይ ልጄ፣ ወረቀትሽን አምጪው።» ሃይሚ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዝም ብትል አሁን ይፈርማሉ፤ ሌሎቹም ሆስፒታሎች የእሷ ይሆናሉ፤ ጥሩአየሁም ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ትቀራለች። «ዶክተር፣ ሳይፈርሙ አንድ ነገር አብረውኝ ይሥሩ» አለች። ከፊታቸው ተቀምጣ አንዱን ልጥ ሰጠቻቸው፣ እስክሪብቷቸውንም ማጭድ ነው ብላ አስያዘቻቸው፤ እሷም ሌላ እስክሪብቶ ያዘች። «ፊቴን ሳይሆን እጄን ብቻ እያዩ ይከተሉኝ። የሰሊጥ ነዶ ነው የምናስረው።» ዶክተሩ ጨዋታ ይወዳሉ፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ተከተሏት። ሃይሚ በፍጥነት አዞረችው፣ እሳቸውም አዞሩት፤ በአውራ ጣት ሥር አሳለፈችው፣ አሳለፉት፤ አጠበቁትና በኩራት ቀና አሉ። ሠላሳ ዓመት የሰው ሥጋ የቋጠሩ እጆች ናቸው፣ ቋጠሮው ያምር ነበር።

«ማጭድዎ በየትኛው እጅዎ ነው ዶክተር?»

ዶክተር አዱኛ ቁልቁል አዩ። እስክሪብቶው በግራ እጃቸው ነበር። ሃይሚን አዩ፤ የእሷ በቀኟ ነው።  ከዚያ ከጥጉ በኩል የታፈነ ሳቅ አመለጠ፤ ያመለጣት ጥሩአየሁ ነበረች፣ በመዳፏ አፏን ብትይዝም አልሆነላትም። «ያስተማራቸው የኔ ካሜራ ነው» አለች ሃይሚ። «ከፊትዎ ቆሜ ነው የቀረጽኩት። ጥሩአየሁ ያየችውን ነው የሠራችው። ያልነገሩዎትም ቪዲዮው ላይ ያሉት እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

ዶክተሩ ልጡን ፈቱት፣ እንደገና ቋጠሩት፣ እንደገና ፈቱት። «ለምን ከኋላዬ አልቆምሽም ታዲያ?» አሉ በመጨረሻ። ሃይሚ ነውር መስሏት እንደሆነ ነገረቻቸው። «አዎ» አሉ፣ «ልቁም ብትዪም አልፈቅድልሽም ነበር።» ወረቀቱን ሳቡና ፊርማ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ «አሥራ አራቱም እንደገና ይቀረጹ፤ ሁለት ሳምንት» ብለው ጽፈው መለሱላት። ሃይሚ ከፋት። ሁለት ሳምንት ለአዲስ አበባው ድርጅት ብዙ ጊዜ ነው። ቢሆንም ወረቀቱን ክላሰሩ ውስጥ ከተተችና ስልኳን አወጣች።

ወዲያው መቅረጽ ጀመሩ። ሃይሚ በርጩማ ላይ ወጥታ ከዶክተሩ ኋላ ቆመች፣ ስልኳን በትከሻቸው ላይ አሳልፋ ያዘች። ችግሩ ዶክተሩ ጨዋ ሰው መሆናቸው ነው፤ የሚያነጋግሩትን ሰው ፊት ሳያዩ መናገር አይችሉም። «አሁን ክሩን እንዲህ» ይሉና ወደ ሃይሚ ይዞራሉ፤ አንጀቱም መርፌውም አብረዋቸው ይዞራሉ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሦስት ጊዜም ቪዲዮው በዶክተሩ ጆሮ ተሞላ። አራተኛው ላይ መርፌ መያዣውን አስቀመጡ። ክፍሉን ቃኘት አድርገው «ጥሩአየሁ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አሉ። ጥሩአየሁ የመጣችው ሁለተኛ ስድብ የምትቀበል መስሏት ነው። ሃይሚ ግን ገባት፤ ስልኩን በፋሻ አድርጋ በልጅቷ ግንባር ላይ አሰረችው። ዶክተሩም ወንበሯን ዞረው ከጀርባዋ ቆሙ።

ጥሩአየሁ መርፌ መያዣውን በቀኟ ያዘች። ጠዋት ከተቆጧት ጀምሮ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እሷ ስትለማመድ እንደዋለች ጣቶቿ ላይ የቀረው የክር ምልክት ይናገራል። ስትሠራ ታዘግማለች፤ እያንዳንዱን ነገር አስባ ነው የምታደርገው። ዶክተሩ በትከሻዋ ላይ ሆነው ይናገራሉ፣ አንዳንዴም ክንዳቸውን በጎኗ አሳልፈው አውራ ጣቷን ትንሽ ገፋ ያደርጉላታል። ሃይሚ አጠገባቸው ቆማ ስታይ «ቀስ በል» የሚለው ቁልፏ ለዚህ ቪዲዮ እንደማያስፈልግ ተረዳች። የዶክተሩ እጅ ለመማሪያ እጅግ ፈጣን ነበር፤ የጀማሪዋ እጅ ግን ለጀማሪ የሚሆን ፍጥነት አለው። ስድስት ቋጠሮ ቋጠረች፣ ስድስቱም ያዙ።

ስልኩን ከግንባሯ ፈትተው ስድስቱም ሰብሰብ ብለው አዩት። በዚህኛው እጆቹ ከተመልካቹ ደረት ወጥተው ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ሲያዩት የራስን እጅ እንደማየት ነው። ሦስቱ ሠልጣኞች ሳያውቁት ጠረጴዛው ላይ ጣታቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር፤ ዶክተሩም እንደዚያው፣ በትክክለኛው እጅ። ሃይሚ ከሥሩ የሚገባውን ስም ልትጽፍ ስትጠይቅ ዶክተሩ «እጁ የጥሩአየሁ ነው፣ የእሷን ጻፊ። እኔ ድምፅ ብቻ ነኝ» አሏት። ሃይሚ ጻፈችው። ጥሩአየሁ ስሟን ስክሪኑ ላይ አይታ ዓይኗን አልነቀለችም።

ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አንስተው በሩ ጋ ደረሱና ዞር አሉ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሄርኒያ ታካሚ አለን። ቁስሉን ሰፍተሽ የምትዘጊው አንቺ ነሽ» አሏት ጥሩአየሁን።

ጥሩአየሁ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም ነበር። አሁን የክሩን ቁርጥራጭ እየሰበሰበች፣ ቀና ሳትል፣ «እርስዎስ የት ይቆማሉ ዶክተር?» አለቻቸው።

ዶክተር አዱኛ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «ከኋላሽ» አሏት።